ጥር 20 ቀን 2010 የተጋቡ ባልና ሚስት፦ የአንድ ቤተሰብ የረጅም ጊዜ ቪዛ የሰነድ ጉዳይ

ባል ፍራንክፈርት አቅራቢያ በመሐንዲስነት ተቀጥሮ ይሠራል። ሚስት ከ5 ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ትኖራለች። የሚፈልጉት እናትና ልጅ አባትየው ዘንድ ሄደው አብረው የሚኖሩበትን የጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ፣ በተለምዶ «ዲ ቪዛ» የሚባለውን ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ቀኖችና ዝርዝሮች ተቀይረዋል። የሰነዶቹ ሁኔታ ግን ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የሚገጥማቸው ስለሆነ እንዳለ ቀርቧል።

ይህ ቤተሰብ የጎደለው ወረቀት አልነበረም። የጋብቻ ማስረጃ አለ፤ የልደት ማስረጃ አለ፤ ደመወዝም ቤትም አለ። ወረቀቶቹ ግን እርስ በርሳቸው ሆድና ጀርባ ነበሩ። አንዱ «ባለትዳር» ሲል ሌላው «ያላገባ» ይላል። አንዱ ልጅቷን በ23 ወለደ፣ ሌላው በ24። የኤምባሲውን ዝርዝር ይዞ «ይህ አለ፣ ይህ አለ» እያለ ምልክት የሚያደርግ ሰው እነዚህን ልዩነቶች አያያቸውም፤ ዝርዝሩ የሚጠይቀው ወረቀቱ መኖሩን እንጂ ወረቀቶቹ መስማማታቸውን አይደለምና።

አለመስማማቱ ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት የጀርመንን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ጀርመን የሲቪል ሰነዶቻቸውን በማኅተም ብቻ ከማትቀበላቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቢረጋገጥም ኤምባሲው በዚያ ላይ ተደርቦ ሕጋዊ ማረጋገጫ አይሰጥም። በምትኩ የሰነድ ማጣራት የሚባል ሥራ አለ። ኤምባሲው የሚያምነው የአገር ውስጥ ጠበቃ ወረዳው ድረስ ሄዶ መዝገቡን ያያል፤ ደብሩን፣ ሆስፒታሉን፣ አንዳንዴም ጎረቤትን ይጠይቃል። ወጪው የአመልካቹ ሲሆን አስቀድሞ ይከፈላል፤ ጊዜውም በወራት ይቆጠራል። ስለዚህ ፋይሉ የሚመዘነው በውስጡ ባሉት ወረቀቶች ብቻ አይደለም። አመልካቹ ረስቶት በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ከተቀመጠው ጋርም ይነጻጸራል።

ሌላም አለ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጀርመን ኤምባሲዎች ውድቅ ባደረጉት ማመልከቻ ላይ ለራሳቸው ይቀርብ የነበረውን የቅሬታ ሥርዓት አስቀርተዋል። የተከለከለ ሰው ወይ እንደገና ያመለክታል ወይ በርሊን ለሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ያቀርባል። ቀድሞ «ካልሆነ በቅሬታ እናስረዳለን» ይባል የነበረው ማብራሪያ ዛሬ ከመነሻው ፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት።

የባል ካርድ

ሥራው የተጀመረው አዲስ አበባ ባሉት ወረቀቶች ሳይሆን በባል የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ ፈቃዱ የተሰጠበት የሕግ አንቀጽ ቁጥር ታትሟል፤ ከሚስት የሚጠየቀውን የሚወስነውም ያ ቁጥር ነው። የእሱ ካርድ «18ቢ» ይላል። ይህ በከፍተኛ ትምህርት የሠለጠነ ባለሙያ ፈቃድ ነው።

ሚስት በዚያን ጊዜ የጀርመንኛ ኤዋን፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃ፣ ትምህርት ጀምራ ነበር። ጎረቤትም ዘመድም «ያለ ኤዋን የትዳር ቪዛ የለም» ስላላት ማመልከቻውን እስከ ፈተናው ለማቆየት አስባለች። ለብዙዎች እውነት ነው፤ ከ100 ነጥብ 60 ያላመጣ ሰው ማስረጃውን አያገኝም፣ ያለ ማስረጃውም ፋይሉ አይራመድም። ነገር ግን ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ ብሉ ካርድ (ለከፍተኛ ባለሙያዎች የሚሰጥ የአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ) ያላቸውና በ18ኤ (የሙያ ሥልጠና ላላቸው) ወይም በ18ቢ ፈቃድ የሚኖሩ ባለሙያዎች የትዳር ጓደኞች ከመግቢያ በፊት ከሚጠየቀው የቋንቋ ማስረጃ ነፃ ናቸው። በቂ የመኖሪያ ቦታ መኖሩን የማስረዳት ግዴታም ለእነዚህ ባለሙያዎች ቤተሰቦች ቀርቷል። ትምህርቱን መቀጠሏ ጥሩ ነው፤ እዚያ ስትደርስ በየዕለቱ ትጠቀምበታለች። ማመልከቻውን ለእሱ ብሎ ማዘግየት ግን አያስፈልግም ነበር። የባልን ካርድ ኮፒ ሳያዩ የሰነድ ዝርዝር ማውጣት ጊዜ ማባከን ነው።

ሠንጠረዡ

ቀጥሎ ሁለቱም ወገኖች በእጃቸው ያለውን ማንኛውንም ወረቀት፣ ለቪዛው አስፈላጊ የማይመስለውን ሳይቀር፣ አወጡ። 17 ሰነድ ሆነ። እያንዳንዱ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ 6 ነገር ተጻፈለት፦ ሙሉ ስም በአማርኛ ፊደል፣ ሙሉ ስም በላቲን ፊደል ከነአጻጻፉ፣ የትውልድ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ወረቀቱ የወጣበት ቀን። ግማሽ ቀን የፈጀ ሥራ ነው፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመውም እሱ ነው።

ሠንጠረዡ 4 ልዩነት አወጣ። የስሙ በጣም ቀላሉ ስለነበር ቶሎ እንለፈው። የሚስት አባት ስም «ኃይለ ሚካኤል» ነው። ፓስፖርቷ ላይ በአንድ ቃል ተገጥሟል፤ የዲግሪ ማስረጃዋ ላይ ተነጣጥሎ ተጽፏል፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ደግሞ «ኃ/ሚካኤል» ተብሎ አጥሯል። ለእኛ ሦስቱም አንድ ናቸው። ስሙን ከነጭረቱ ወደ ላቲን ፊደል የገለበጠ ተርጓሚ ግን ጀርመን ውስጥ የማይታወቅ አዲስ ሰው ይፈጥራል። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መምረጥ ነው፤ ምንጊዜም የሚመረጠው የፓስፖርቱ ነው። አዲስ የሚወጡትን ሰነዶችና ትርጉሞች በሙሉ በዚያ ማስጻፍ፣ መለወጥ ለማይችለው የቆየ ወረቀት ደግሞ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳው መያዝ ያስፈልጋል።

ሚስት የባሏን ስም አለመያዟ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ስም የአባትና የአያት መሆኑን ኤምባሲው ጠንቅቆ ያውቃል። «እንዳይጠረጥሩን» ብለው የባልን ስም በቅጽ ላይ የሚጨምሩ አሉ፤ ይህ ያልነበረ ልዩነት ይፈጥራል።

ጋብቻው

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ባልና ሚስት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተጋቡት እሑድ ጥር 20 ቀን 2010፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 28 ቀን 2018 ነው። በማግስቱ ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባ ስለነበር ሠርጉ በጥር የመጨረሻው ዕድል ላይ የተደረገ ነው። ደብሩ ማኅተምና ቲተር ያረፈበት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሰጥቷቸዋል። ወረዳ ሄደው አላስመዘገቡም። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ከዋለ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ወዲህ ገና አንድ ዓመት ተኩል ስለሆነው ብዙ ሰው አልለመደውም ነበር።

አለመመዝገቡ ጋብቻውን አያፈርሰውም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ይቀበላል። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የተፈጠሩት ስህተቶች በሙሉ የመጡት «ወረዳ ካልተመዘገበ ጋብቻ አይደለም» ከሚል የተሳሳተ ግንዛቤ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ባል በ2011 ክረምት ለማስተርስ ትምህርት ወደ ጀርመን ሲሄድ የተማሪ ቪዛ ቅጹ ላይ «ያላገባ» የሚለውን ሞላ። የቀበሌ መታወቂያው ያንን ይላል፤ የወረዳ የጋብቻ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ያ መሰለው። ጀርመን እንደደረሰ በ2 ሳምንት ውስጥ መኖሪያውን ሲያስመዘግብም ያንኑ ደገመ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣለት የነዋሪነት ማረጋገጫ ሁሉ «ሌዲሽ»፣ ማለትም ያላገባ፣ ይለዋል። አሁን ሚስቱ «ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ባለቤቴ ነው» ብላ ልታመለክት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመጣው ከአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ምክር ነው። «የቤተ ክርስቲያኑን ተዉት፤ ባልሽ ለዕረፍት ሲመጣ ሁለታችሁም ያላገባ ወረቀት አውጡና በወረዳ አዲስ ጋብቻ ፈጽሙ፤ ከጀርመን ወረቀቱም ጋር ይስማማል» አላት። ሲሰሙት ብልኃት ይመስላል። ሚስት በዚህ ምክር ከወረዳዋ ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ አወጣች፤ ወረቀቱ የወጣው ከሠርጉ ከ7 ዓመት በኋላ ነው።

ይህ መንገድ እዚያው ላይ እንዲቆም የተደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው። አጣሪው ጠበቃ ደብሩን ቢጠይቅ የ2010ሩ ጋብቻ በመዝገብ አለ። ጎረቤት ቢጠየቅ ሠርጉን በልቷል። ሚዜዎቹ አሉ፤ ቪዲዮው አለ። አዲሱ የወረዳ ጋብቻ በሐሰት ቃል ላይ የቆመ ይሆናል፤ ልጅቷም ከጋብቻ በፊት የተወለደች ሆና ትመዘገባለች። እውነተኛ ጋብቻ ያላቸው ሰዎች በገዛ እጃቸው ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅተው ይቀርባሉ ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ መንገድ ሄዶ ተጎድቷል፤ እውነቱን የያዘ ሰው በሐሰት ወረቀት ሲከለከል ማየት እጅግ ያሳዝናል።

የተያዘው መንገድ የቤተ ክርስቲያኑን ጋብቻ በራሱ ቀን ዘግይቶ ማስመዝገብ ነው። በምስክር ወረቀቱ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን፣ የተመዘገበበት ቀንና ወረቀቱ የተሰጠበት ቀን የተለያዩ ቦታዎች አሏቸው። የመጀመሪያው ጥር 20 ቀን 2010 ሲሆን ሌሎቹ የዛሬ ናቸው። መዘግየቱ በግልጽ ይታያል፤ ይታይ። የዘገየ ምዝገባ ማብራሪያ ይፈልጋል እንጂ ሐሰት አይደለም።

ባል ዓመታዊ ዕረፍቱን ወስዶ መጣ፤ ለምዝገባው በውክልና ከመላክ ራሱ መዝገቡ ላይ መፈረሙ ይሻላል ተብሎ ነው። አጣሪ መዝገቡን ሲከፍት የሁለቱንም ፊርማ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ይዘው የቀረቡት የደብሩን ምስክር ወረቀት ዋናውን፣ የሁለቱን መታወቂያና ፓስፖርት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከየወገኑ 2 ምስክር ነው። ምስክር የሆኑት ሠርጉ ላይ የነበሩት ሚዜዎች ናቸው። ምስክርን ከወረዳው በር ላይ መለመን የተለመደ ቢሆንም ኋላ ተጠርቶ ሠርጉን መግለጽ የማይችል ምስክር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ወረዳው ላይ የገጠማቸው አንድ ችግር ነበር። የደብሩ ወረቀት ሙሽሮቹን በክርስትና ስማቸው ይጠራል፤ እሷ «ወለተ» ብሎ በሚጀምር፣ እሱ «ገብረ» ብሎ በሚጀምር ስም ነው የተጻፉት። የዓለም ስማቸው ከሥር በትንሹ ቢኖርም የእሱ የአያት ስም የለም። መዝጋቢው ልክ ነው፤ በመታወቂያው ላይ ካለው ሰው ጋር የሚያያይዝ ነገር ይፈልጋል። ወደ ደብሩ ተመልሰው የክርስትና ስሙና የዓለም ስሙ የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ ጋብቻው በመዝገብ የሚገኝበትን ተራ ቁጥር ጨምሮ የሚገልጽ ደብዳቤ አስጻፉ። የመዝገብ ቁጥሩን ማስገባት እንዳይረሳ። ከወራት በኋላ አጣሪው ሲመጣ የደብሩ ጸሐፊ የቆዩ መዝገቦችን አንድ በአንድ ከመግለጥ ይድናል፤ «አላገኘሁም» የሚል መልስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ትርጉሙ። የደብሩ ወረቀት በአማርኛ ብቻ ስለሆነ መተርጎም ነበረበት። ቀኑ «20/05/2010 ዓ.ም» ተብሎ ተጽፏል፤ አምስተኛው ወር ጥር ነው። የመጀመሪያው ተርጓሚ ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠውና «ዓ.ም» የሚለውን ጣለው። ይህን የሚያነብ ጀርመናዊ ሠራተኛ ሜይ 20 ቀን 2010 ብሎ ይረዳል። ሚስት የተወለደችው በ1988 ሐምሌ፣ ማለትም በጁላይ 1996 ነው። ስለዚህ በዚያ ንባብ በ13 ዓመቷ የተዳረች ሕፃን ትሆናለች፤ በትክክለኛው ቀን ግን የ21 ዓመት ሴት ነች። በአንድ የተጣለ ምሕጻረ ቃል ምክንያት የማይታረቅ ጥርጣሬ ሊፈጠር ነበር። ትርጉሙ ተመልሶ ወሩ በስም፣ አቆጣጠሩ በግልጽ፣ ከጎኑ የጎርጎርዮሳውያኑ ቀን ተጽፎበት እንደገና ወጣ፤ ከዚያ ተረጋገጠ። ትርጉም ከተርጓሚ ቢሮ ሳይወጡ በፊት ቀኖቹን አንድ በአንድ መፈተሽ 10 ደቂቃ አይፈጅም።

የቀረው «ያላገባ» የሚለው ነው። ይህ በሁለት ቦታ ይታረማል፤ ጀርመንም አዲስ አበባም። ባል ምንም ከመነካካቱ በፊት በውጭ ዜጎች ጉዳይ የሚሠራ የጀርመን ጠበቃ እንዲያማክር ተነገረው፤ በቪዛ ቅጽ ላይ ስህተት መረጃ መስጠት በጀርመን የመኖሪያ ሕግ ሊያስጠይቅ የሚችል ነገር ነውና በግምት የሚነካ አይደለም። በጠበቃው ምክር የወረዳውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዞ ለነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮው የእርማት ጥያቄ በጽሑፍ አስገባ፤ የተቀበሉበትን ማረጋገጫ ያዘ። ሚስት ደግሞ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የጋብቻ ሁኔታዋን አሳረመች። ያላገባች የሚለውን ማስረጃ ለምን እንዳወጣች የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍም ፈርማ አዘጋጀች፤ ወረቀቱንም ለወረዳው መለሰች።

ያንን ወረቀት ቀድዶ መጣል ይቻል ነበር። ግን ቅጂው ወረዳው መዝገብ ቤት አለ። አጣሪው ራሱ ካገኘው የተደበቀ ይሆናል፤ እሷ ቀድማ ከተናገረች የተገለጸ ስህተት ነው።

የማብራሪያ ጽሑፉ በ4 አጭር አንቀጽ ተጻፈ። መቼና የት እንደተጋቡ፤ ለምን እንዳልተመዘገበ፤ ባል በ2011 ለምን ያላገባ ብሎ እንደሞላና ለማረም ምን እንዳደረገ፤ ሚስት ወረቀቱን እንዴት እንዳወጣችና እንደመለሰች። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፋይሉ ውስጥ ካለ የአባሪ ቁጥር ጋር ተያይዟል። ልመና የለበትም፤ «ስለ ልጃችን ሲባል» የሚል የለበትም። ሠራተኛው የሚፈልገው ሐቅና ማስረጃ ነው።

የልጅቷ ቀን

ልጅቷ የተወለደችው አባቷ ከሄደ ከ3 ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2012 ነው። የሆስፒታሉ ወረቀት ኖቬምበር 24 ቀን 2019 ይላል። የወረዳው የልደት ምስክር ወረቀት በአማርኛው ኅዳር 14፣ በእንግሊዝኛው ኖቬምበር 23 ይላል።

የአንድ ቀን ልዩነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ነው። በአብዛኛው ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው፤ በዚያ ስሌት ኅዳር 14 ኖቬምበር 23 ይሆናል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው አዲስ ዓመት ግን ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። 2011 ጳጉሜዋ 6 ነበረች። ስለዚህ 2012 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው፤ ኅዳር 14ም ኖቬምበር 24 ሆነ። መዝጋቢው የተጠቀመው የተለመደውን ስሌት ነው። በ1988፣ በ1992፣ በ1996፣ በ2000፣ በ2004፣ በ2008፣ በ2012፣ በ2016 ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደ ማንኛውም ሰው ይህን በወረቀቶቹ ላይ ይፈትሽ።

ዕድል ሆኖ የልጅቷ ፓስፖርት ገና አልወጣም ነበር። ፓስፖርቱ የሚወጣው በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ባለው ቀን ነውና እርማቱ ከፓስፖርት በፊት መደረጉ ግዴታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢሆን ሁለት መሥሪያ ቤት ማዞር ይመጣል። የሆስፒታሉ ወረቀትና የክትባት ካርዷ ቀርቦ የእንግሊዝኛው ቀን ታረመ።

ሁለተኛው ነገር መዘግየቱ ነው። ልደት በ90 ቀን መመዝገብ ሲገባው የእሷ የተመዘገበው መዋዕለ ሕፃናት ልትገባ ስትል በ4 ዓመቷ ነው። የዘገየ የልደት ምዝገባ ብቻውን ለአጣሪ ብዙ ክብደት የለውም፤ ምክንያቱም የሚያሳየው የዛሬን ቃል እንጂ የያኔውን ኩነት አይደለም። ክብደቱ ያለው በጊዜው የተጻፈ ወረቀት ላይ ነው። የተሰበሰቡትም እነዚህ ናቸው፦ የሆስፒታሉ የወሊድ ማስታወቂያ፣ የእናቲቱ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ ከ6 ሳምንቷ ጀምሮ የተሞላ የክትባት ካርድ፣ በ80 ቀኗ ክርስትና የተነሳችበት የደብሩ ካርድ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ደብዳቤ። የክትባት ካርዱ መጠቀሚያነቱ በዚህ አያልቅም። ጀርመን መዋዕለ ሕፃናትም ሆነ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ሁለት ጊዜ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ዋናው ካርድ ፋይል ውስጥ ተጥሎ እንዳይቀር ኮፒው ብቻ ገባ።

ለልጅቷ ፓስፖርትና ለቪዛ ማመልከቻዋ የአባትየው ስምምነት ያስፈልጋል። በፍራንክፈርት የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ውክልና ፈረመ፤ ውክልናው አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰው አሁንም «ውልና ማስረጃ» በሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ተመዘገበ። ውክልናው «ማንኛውንም ጉዳይ» በሚል ጥቅል ቃል ሳይሆን ፓስፖርት ማውጣትን፣ ለጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከትንና ልጅቷ ከእናቷ ጋር ወጥታ ጀርመን እንድትኖር መስማማቱን በስም ጠቅሶ ተጻፈ። በጥቅል ቃል የተጻፈ ውክልና መስኮት ላይ ተመልሶ ባሕር ማዶ ሲላክ ወር ይበላል።

ከጀርመን የመጡት

እነዚህ ቀላል ነበሩ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱና የፓስፖርቱ ኮፒ፣ የሥራ ውል፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ የጤና መድኅን ድርጅቱ ሚስትና ልጅ ሲደርሱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በቤተሰብ እንደሚሸፈኑ የጻፈው ደብዳቤ። የቤት ኪራይ ውሉ እንደ ግዴታ ባይቆጠርም ተያይዟል።

አንድ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። የደመወዝ ወረቀቱ የግብር ምድቡን 1 ይላል፤ ይህ የላጤ ምድብ ስለሆነ ባል ሊያስቀይር ፈለገ። መቀየር አያስፈልግም። የትዳር ጓደኛው ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የምትኖር ሠራተኛ ባለትዳርም ቢሆን በምድብ 1 ይቆያል፤ የሚቀየረው እሷ ጀርመን ገብታ ስትመዘገብ ነው። ስለዚህ ይህ ተቃርኖ አይደለም፤ በማብራሪያው ላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፎለታል።

የትዳሩን መቀጠል የሚያሳዩ ነገሮችም ተመረጡ። ሠርጉ ላይ ከተነሱት 400 ያህል ፎቶዎች 8 ብቻ ተወሰደ፦ ሙሽሮቹ ከካህናቱ ጋር፣ ከሁለቱም ወላጆች ጋር፣ ከእነዚያው ምስክር ከሆኑት ሚዜዎች ጋር። ከዚያ ባል አዲስ አበባ የመጣባቸው 3 ጉዞዎች የፓስፖርት ማኅተም፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ ከልጁ ጋር 2 ፎቶ፣ በባንክ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ ከየዓመቱ 2። የስልክ መልእክት ህትመት 60 ገጽ ይዘው መጥተው ነበር፤ አልገባም። የሚነበብ ነገር ሲበዛ ዋናው ይሸፈናል።

ፋይሉ እንዴት ተደረደረ

ለእናት አንድ፣ ለልጅ አንድ ማመልከቻ ነው፤ እያንዳንዱ ከ2 ተመሳሳይ የኮፒ ስብስብ ጋር። አንዱ ኤምባሲው ዘንድ ይቀራል፤ ሌላው ጀርመን ላለው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ይሄዳል፤ ያለዚያ ቢሮ ፈቃድ ቪዛው አይሰጥም። ስለዚህ ሁለቱ ስብስቦች በአንድ ገጽ እንኳ መለያየት የለባቸውም። ለልጅቷ የጋብቻውን ወረቀት «በእናቷ ፋይል አለ» ብሎ አለማስገባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሁለቱ ፋይሎች በተለያየ ጠረጴዛ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ።

ኮፒዎቹ በኤ4 ወረቀት፣ አንድ ገጽታ ላይ ብቻ፣ ሳይሰፉ በአግራፍ ተያያዙ። ጀርባው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ጀርባውም ኮፒ ተደርጓል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ጀርባ ላይ ስለሆነ ፊቱን ብቻ ኮፒ ያደረገ ሰው ያላረጋገጠ ይመስላል። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ከ6 ወር ያልበለጠ። ክፍያው ለእናት 75 ዩሮ፣ ለልጅ 37.50 ዩሮ ነው። ቅጹ ላይ የጋብቻ ቀን ተብሎ የተሞላው ጃንዋሪ 28 ቀን 2018 ነው፤ የወረዳ ምዝገባው ቀን አይደለም። በቀጠሮው ዋዜማ ሠንጠረዡ እንደገና ወጥቶ ከቅጹ ጋር መስመር በመስመር ተነጻጸረ፤ የባል የትውልድ ቦታ በቅጹ ላይ የዞኑ፣ በካርዱ ላይ የከተማው ስም ሆኖ ተገኘና በካርዱ ተስተካከለ።

ማጣራቱ

አጣሪው መጀመሪያ የሄደው ወረዳው ነው። የጋብቻ መዝገቡን አየ፤ ሁለቱ ፊርማዎች አሉ። ቀጥሎ ያላገባች የሚለውን ማስረጃ ቅጂ አገኘ። ከዚያ ደብሩ ዘንድ ሄዶ በደብዳቤው ላይ ባለው ተራ ቁጥር የ2010ሩን መዝገብ አስገለጠ። ለሚስት ስልክ ተደወለና ስለ ወረቀቱ ተጠየቀች፤ የመለሰችው በማብራሪያው ላይ ያለውን ነው። ከሚዜዎቹም አንዱ ተጠየቀ፤ ሠርጉ የት እንደነበረ፣ ምሳ የት እንደተበላ፣ ሙሽራዋ ከየት ሰፈር እንደወጣች ተናገረ። የዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ እንዲደረግ አልተጠየቀም።

ከጀርመን ቢሮው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጣ፦ የነዋሪነት ምዝገባው እርማት የት ደረሰ የሚል። ባል ከዚያ ጊዜ ወዲህ የታረመውን ማረጋገጫ ተቀብሎ ስለነበር በዚያው ሳምንት ላከው።

ፓስፖርቶቹ ሲመለሱ ሁለቱም ላይ ቪዛው ተለጥፏል። ከመስኮቱ ሳይርቁ የተፈተሹት ስሞቹ፣ የሚጸኑበት ቀንና የትውልድ ቀኖቹ ናቸው። በልጅቷ ላይ የታተመው ኖቬምበር 24 ቀን 2019 ነው። ዋናዎቹ ወረቀቶች፣ የደብሩ፣ የወረዳው፣ የሆስፒታሉና የክትባት ካርዱ፣ በሻንጣ ሳይሆን እናቲቱ በእጇ በምትይዘው ቦርሳ ገብተው ተጓዙ። ጀርመን ያለው ቢሮ የመኖሪያ ፈቃዱን ሲሰጥ ዋናዎቹን እንደገና ማየት ይፈልጋል።